ፖሊስ ሲያስቆመን መውረድ ነው ወይስ መቀመጥ?

ጀማሪው፦ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ትናንት ማታ የፖሊስ መኪና ከኋላዬ መብራቱን ሲያብለጨልጭብኝ ደንግጬ መሀል መንገድ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ከዚያ ወረቀቶቼን ይዤ ወርጄ ወደ ፖሊሱ ሮጥኩ። «ባለህበት ቁም!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ እኮ ላከብረው ብዬ ነው! ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

የጭነት መኪና ሹፌር፦ ወንድሜ፣ ከመውረድህ ይልቅ ፍሬኑ ይብሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከኋላህ ያለው እግሩን ከነዳጁ ሳያነሳ ይደርስብሃል። መጀመሪያ ፍሬቻ አሳይ፤ «አይቼሃለሁ» ማለት ነው። ፍጥነት እየቀነስክ ዳር ያዝና ሞተር አጥፋ። የውስጡን መብራት አብርተህ መስኮቱን ዝቅ አድርግ፤ እጆችህ መሪው ላይ ይሁኑ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ «ላውጣው?» ብለህ ጠይቅ እንጂ መበርበር አትጀምር። በጨለማ የምትመዘው ሊብሬ ይሁን ጩቤ ፖሊሱ በምን ያውቃል?

ብቻዋን የምትነዳ፦ መውረዱ እንደየአገሩ ነው፤ ካላዘዙህ ግን ቁጭ በል። እኔ ጭር ያለ ቦታ ላይ ከሆንኩ ሽሽት እንዳይመስልብኝ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ በዝግታ እየነዳሁ ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ለምን እንዳልቆምኩ ሳልጠየቅ እናገራለሁ፤ ከተጠራጠርኩም መታወቂያ እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ።

ተከራካሪው፦ ክርክር መንገድ ዳር አይሸነፍም፣ አይረታምም፤ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። «ራዳሩ ተሳስቷል» ብዬ ግማሽ ሰዓት ተሟገትኩ። በኋላ ሳጣራ፣ ራዳሩ ከጎን በማዕዘን ሲይዝህ ፍጥነትህን አሳንሶ እንጂ አብዝቶ አያነብም! በብዙ አገር የቅጣት ወረቀቱ ላይ መፈረም ወረቀቱን መቀበልህን እንጂ ጥፋቱን ማመንህን አያሳይም። ቢሆንም አንብበህ ፈርም። ለመሆኑ ያስቆመህ በምን ምክንያት ነው?

ጀማሪው፦ የሰጠኝን የቅጣት ወረቀት አሁን ገና አነበብኩት፤ የግራ የፍሬን መብራት አይሠራም ይላል። ለካ እንደዚያ ድንገት ስቆም ለፖሊሱ የታየው አንድ መብራት ብቻ ነው!

የጭነት መኪና ሹፌር፦ የቀኙ ከበራ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለው አምፖሉ ነው። ሁለቱም ቢጠፉ ፊውዙን ወይም የፍሬን ፔዳሉን ማብሪያ እንድታይ እነግርህ ነበር። ስትቀይረው አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይልህ።