ኅዳር ማለዳ ወደ ሱሉልታ በብስክሌት፦ ወፍራም ጃኬት ልግዛ ወይስ ስስ?

አዲስ ጋላቢ (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገኖች። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ደርሼ እመለሳለሁ። የምለብሰው ከውስጥ የጥጥ ካኒቴራ፣ በላዩ ኮፍያ ያለው ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ነው። ዳገቱን ስጨርስ ጀርባዬ ርሶ ይገኛል። ቁልቁል ስወርድ ያንቀጠቅጠኛል፤ ጣቶቼ ፍሬን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ያለኝ የአንድ ጃኬት ገንዘብ ብቻ ነው። በጣም የሚሞቅ ወፍራም ልፈልግ?

ማርሽ በማርሽ፦ ወፍራሙን ተወው ወንድሜ። ቁልቁለቱ ላይ የሚያንቀጠቅጥህ ዳገቱ ላይ ያላብከው ላብ ነው። ጥጥ ላብን ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይለቅም፤ ፕላስቲኩ ደግሞ እንፋሎቱን መውጫ ያሳጣዋል። ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትወጣ ሰውነትህ ስለሚሞቅ አይታወቅህም። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 40 ስትወርድ ግን ፊትህ ላይ የሚሰማህ ከዜሮ በታች 1 ገደማ ነው፤ ያውም በደረቅ ቆዳ።

ገንዘብህን ገበር በሌለው፣ ሲጠቀለል ኪስ በሚገባ ስስ የነፋስ ጃኬት ላይ አውለው። ካኒቴራውን በፖሊስተር ለውጠው፤ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል የኳስ ማሊያም ይሠራል። በላዩ ስስ የሱፍ ሹራብ ይበቃል። ኮፍያ ያለውን ቤት ተወው፤ ኮፍያው ነፋስ እየሞላ ይጎትትሃል፣ ዞር ብለህ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለማየትም ይጋርድሃል።

ከቤት ስትወጣ ከሞቀህ አብዝተህ ለብሰሃል ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ትንሽ ቢበርዱህ ጥሩ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ጃኬቱን አውልቅ፣ የሹራቡን ዚፕ እስከ ደረት ክፈት። አናቱ ላይ ቁም፤ ጃኬቱን ልበስ፣ ዚፑን እስከ አገጭ ዝጋ፣ ከዚያ ውረድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልቁለቱን ጀምሮ ሲበርደው ለመልበስ ሲሞክር ነው። ያን ጊዜ ጣት ደንዝዟል፣ ዚፕም አይያዝም።

ቦንዳ ፈቺ፦ ሰልባጅ ተራ ከሄድክ እንዲህ ፈትሽ። ጨርቁን አፍህ ላይ ለጥፈህ ንፋ። ትንፋሽህ እንደ ልቡ ካለፈ ነፋስ አይከለክልም። ከብዶህ ጥቂት ጥቂት ካለፈ የምትፈልገው እሱ ነው። ጭራሽ ካላለፈና እንደ ፌስታል ከተንኮሻኮሸ ያው የዝናብ ልብስህ ነው።

ቀጥሎ ገልብጠህ ውስጡን በሁለት ጣትህ ፈትግ። ነጭ ቅርፊት ከረገፈ ሽፋኑ ሞቷል፤ ምንም ዓይነት ስፕሬይ አያድነውም። ሻጩ «ታጥቦ ይስተካከላል» ቢልህ አትስማ።

ልኩን ቀጥ ብለህ ቆመህ አትለካ። መሪ እንደያዝክ ጎንበስ በል፣ ክንድህን ዘርጋ። እጅጌው አምባር አጥንትህን፣ ጀርባው ወገብህን መሸፈን አለበት፤ ሆድህ ላይ ግን መተጣጠፍ የለበትም። የዚፑ መያዣ ትንሽ ከሆነ አንድ ጣት የሚያህል ገመድ እሰርበት፤ በጓንት ለመሳብ ነው።

ሹራቡ ሱፍ መሆኑን ከተጠራጠርክ ከጠርዙ አንድ ክር ስበህ አቃጥል (ባለቤቱን አስፈቅደህ ነው እንግዲህ)። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጠር ይሠራል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል።

ውርጭ ያውቃል፦ ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከተራራው እየወረደ ሜዳ ላይ ስለሚተኛ፣ ሱሉልታ ሜዳው ጎህ ሲቀድ ከአናቱ የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። «ቁልቁለቱ አለቀ» ብለህ እዚያ ጃኬት አታውልቅ። ሌላ ጊዜ ገንዘብ ስታገኝ ፊቱ ነፋስ የማያስገባ፣ ጀርባው ወንፊት የሆነ ሰደርያ ጨምር፤ ዳገት ላይም ሳይወልቅ ይወጣል።

ጣትን ደግሞ ጃኬት አያድነውም። የሱፍ ጓንት ሰፋ ያለ ግዛ፤ ጥብቅ ካለ ደም አያዘዋውርም። የሐኪም ቤቱን ስስ ጓንት ይዘህ ውጣና አናቱ ላይ ከሱፉ ስር አድርገው። ከቤት ጀምረህ ካጠለቅከው እጅህ በላብ ይዋኛል። ጉልበትህንም ሸፍን፣ ቁምጣው ለቀትር ይቆይ። ሄልሜት ስር ጆሮ የሚይዝ ስስ ቆብ ይበቃል። ነጠላም ሆነ ሻርፕ አንገት ላይ አትጠምጥም፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገትህን ይዞ ነው የሚጥልህ።

አዲስ ጋላቢ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጋዜጣ ደረት ላይ ማድረግ የሚባለው እውነት ነው? ጃኬቱስ ለክረምት ይሆነኛል?

ማርሽ በማርሽ፦ እውነት ነው። በቱር ደ ፍራንስ ተራራ አናት ላይ ጋላቢዎች ጋዜጣ ተቀብለው ማሊያቸው ስር እየከተቱ ይወርዱ ነበር። ሁለት ሉህ አጥፈህ በሹራቡና በጃኬቱ መካከል ደረትህ ላይ አድርግ፤ ቆዳ ላይ ከሆነ በላብ ይቦካል። ጋዜጣው ሰፊ ከሆነ ሆድንም ይሸፍናል። ታች ስትደርስ አውጣው።

ለክረምት አይሆንም። ስሱ ጃኬት ካፊያ ይችላል፤ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ፣ ብብቱ ስር መተንፈሻ ያለው ሌላ ያስፈልግሃል።

ቦንዳ ፈቺ፦ ስታጥበው ማለስለሻ አትጨምር፤ ጨርቁ ላይ ለጥፎ ላብ እንዳይወጣ ያደርጋል። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና እጠብ፣ ሳትጨምቅ ጥላ ላይ ስቀለው።