የሪከልቨር መንታ ማማዎች፦ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ማማዎቹ ለምን ቀሩ?

ጥያቄ፦ «የጠረፍ ተጓዥ»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ጠረፍ፣ ከኸርን ቤይ ከተማ በስተምሥራቅ ስለቆሙት የሪከልቨር ማማዎች የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማማዎቹ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምዕራባዊ ፊት ጋር ተያይዘው እንደታነጹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1809 እንደፈረሰ አንብቤአለሁ። ያልገባኝ ነገር፣ ያፈረሰው ባሕሩ ከሆነ ማማዎቹን ለይቶ እንዴት ሊተዋቸው ቻለ? ሰው ከሆነስ ሕንፃውን አፍርሶ ማማዎቹን ብቻ ማስቀረት ለምን አስፈለገ? አናታቸው ላይ መብራት ይበራ ነበር የሚሉም አሉ፤ እውነት ነውን?

መልስ፦ «የኬንት ነዋሪ»

ያፈረሰው ሰው ነው፤ ምክንያቱ ግን ባሕሩ ነው። ቦታው መጀመሪያ ሮማውያን የታኔትን ደሴት ከዋናው ምድር ይለይ የነበረውን የዋንትሰምን ሰርጥ ሰሜናዊ አፍ ለመጠበቅ የሠሩት ምሽግ ነበር። ሰርጡ ዛሬ በደለል ተሞልቶ የእርሻ ማሳ ሆኗል። ምሽጉ ሲሠራ ባሕሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ እንደነበር ይገመታል። በ669 የኬንቱ ንጉሥ ኤግበርት ይህን ስፍራ ባሳ ለተባለ ካህን ገዳም እንዲያንጽበት ሰጠው፤ ከገዳሙ አበምኔቶች አንዱ የነበረው በርትዋልድም በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ለመሆን በቅቷል። ሆኖም የአካባቢው ገደል ልል አሸዋና ሸክላ ስለሆነ፣ ከላይ ዝናቡ እያራሰው ከሥር ማዕበሉ እየቦረቦረው፣ ዘመን በዘመን ላይ ሲተካ የምሽጉ ሰሜናዊ ክፍል ተንዶ ባሕር ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስለደረሰ፣ ቄሱና ምእመናኑ አፍርሰው በድንጋዩ ወደ መሀል አገር ገባ ብሎ በሚገኘው በሂልቦሮ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ማማዎቹን ያተረፋቸው ትሪኒቲ ሃውስ የተባለው፣ በእንግሊዝ ጠረፍ የመርከበኞችን ምልክቶች የሚቆጣጠረው ጥንታዊ ተቋም ነው። በ1810 ገዝቶ አጠናከራቸው፤ ከገደሉ ሥር ድንጋይ አስደርድሮ፣ ማዕበሉን የሚሰብሩ አጥሮችም ከዳርቻው ወደ ባሕሩ አስዘረጋ። ለእንዲህ ያለው ምልክት የሕግ ጥበቃ የተደረገው ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ በ1566፣ የወጣው ሕግ ለመርከበኞች ምልክት የሆነን የቤተ ክርስቲያን ማማ ያፈረሰ ወይም ዛፍ የቆረጠ ሰው 100 ፓውንድ እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ይህም በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ሀብት የማይደርስበት ገንዘብ ነበር።

መልስ፦ «ባሕረኛ»

ስለ መብራቱ ለጠየቁት፣ የሪከልቨር ማማዎች አገልግሎት የቀን ምልክትነት ነው። የቴምዝ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ሰፊ አፍ ከውኃ በታች በተጋደሙ የአሸዋ ክምሮች የተሞላ ሲሆን፣ ክምሮቹም ቦታቸውን ይቀያይራሉ። ከመርከብ ላይ ሆኖ ወደ ኬንት ሲመለከቱት ዳርቻው ዝቅ ያለና ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሳሰል ስለሆነ፣ የመርከቡ አዛዥ ከአሸዋው ለመራቅ የት እንዳለ የሚነግረው የማይንቀሳቀስ ነገር ያስፈልገዋል። ወደ ማማዎቹ ኮምፓስ ያነጣጥርና በካርታው ላይ መሥመር ያሰምራል፤ ወደ ሌላ የታወቀ ምልክትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱ መሥመሮች የተቋረጡበት ነጥብ መርከቡ ያለበት ቦታ ነው።

መንታ መሆናቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ ስለቆሙ፣ በቀጥታ ከሰሜን ሲመጡ አንዱ ሌላውን ጋርዶ አንድ ማማ ይመስላሉ፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በሄዱ መጠን ግን በመካከላቸው ሰማይ እየታየ ይለያያሉ። በጠረፉ ላይ ካሉት ሌሎች ማማዎች ጋር የማይምታቱትም በዚሁ ነው፤ መርከበኞች «መንትያ እህትማማቾች» ይሏቸው ነበር። ጫፋቸው ላይ የነበሩት ሾጣጣ ጣሪያዎች በዐውሎ ነፋስ ሲወድቁ ትሪኒቲ ሃውስ ያንኑ ቅርጽ የያዘ፣ አናቱ ላይ የነፋስ አመልካች ያለው ክፍት ተራዳ የተከለባቸው፣ መርከበኛው በዓይኑ የለመደው መልክ እንዳይለወጥበት ነው። በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ እጅግ አስተዋይነት የታየበት ይህ ነው።

«የጠረፍ ተጓዥ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ መከላከያው ማማዎቹን እስከ ዛሬ ካቆየ፣ ቤተ ክርስቲያኑንስ አብሮ ማትረፍ አይቻልም ነበርን?

መልስ፦ «የጥንት ሕንፃ ወዳጅ»

ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት መሬት አልተናደም። ዛሬ ከማማዎቹ በስተምሥራቅ ቢሄዱ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ መሠረት፣ የመቅደሱ ክብ ጀርባ ሳይቀር፣ ሣሩ ላይ ተለይቶ ያገኙታል። በ1809 የፈረሰው ከማማዎቹ በ500 ዓመት የሚበልጠው ክፍል ነበር፤ ምእመናን የሚቆሙበትን ስፍራ ከመቅደሱ የሚለዩት፣ በሁለት ዓምዶች ላይ ያረፉት ሦስት ቅስቶች አብረው ፈረሱ። በእንግሊዝ ምድር ከዚያ ዘመን የተረፈ የዚህ ዓይነት ሥራ እጅግ ጥቂት ነው።

ሆኖም በምእመናኑ ብቻ መፍረድ አይገባም። የአንዲት ትንሽ የገጠር ደብር ሰዎች ባሕርን የሚያቆም ግንብ የሚሠሩበት ገንዘብ ከየት ያመጣሉ? ትሪኒቲ ሃውስ ከሚያልፉት መርከቦች ቀረጥ ይሰበስብ ስለነበር ወጪውን ችሎታል፤ የከፈለውም ለመርከብ ለሚጠቅመው ክፍል ነው። እኔ የምወቅሰው፣ ከፈረሰ በኋላ በቅርሱ ላይ የታየውን ቸልተኝነት ነው። ሁለቱ ዓምዶች ካንተርበሪ አጠገብ በሚገኝ የፍራፍሬ ማሳ ውስጥ ተጥለው ከቆዩ በኋላ ማንነታቸው ታውቆ ወደ ካንተርበሪ ካቴድራል ተወስደዋል፤ አሁን ያሉት በካቴድራሉ ምድር ቤት ነው። ካንተርበሪ ከሪከልቨር ሩቅ ስላልሆነ፣ ጠዋት ማማዎቹንና መሠረቱን አይተው ከሰዓት በኋላ ዓምዶቹን እንዲጎበኙ እመክርዎታለሁ።