ስክሪዱ 28 ቀን አልፎታል፤ ላሚኔት ይነጠፍ?

ባለቤቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ጂ+1 ቤት እያስጨረስኩ ነው። የግራውንዱ ስክሪድ (ኮንክሪቱ ላይ የሚፈሰው የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ) የፈሰሰው ሰኔ 20 ሲሆን ውፍረቱ 6 ሴንቲ ነው፤ ዛሬ ነሐሴ 5። ኮንትራክተሩ «28 ቀን አልፎታል፣ ነገ ላሚኔቱን እናንጥፍ» ይለኛል። ላዩ ነጭ ሆኗል፣ በባዶ እግሬ ስረግጠው ግን ይቀዘቅዘኛል። የላሚኔቱን (የእንጨት መሰሉን ወለል) ካርቶኖች ሳሎን ደርድረናቸዋል። ለዓመታት ያጠራቀምኩት ብር ነውና የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ወለል አንጣፊ፦ ወንድሜ፣ ነገ አታስነጥፍ። 28 ቀን ሲሚንቶው የሚጠነክርበት ነው እንጂ የሚደርቅበት አይደለም። ጥሩ አየር ባለበት ስክሪድ በቀን 1 ሚሊ ገደማ ይደርቃል፤ ያውም እስከ 5 ሴንቲ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው የበለጠ ይዘገያል። ያንተ በበጋ እንኳ 70 ቀን ገደማ ይፈልግ ነበር። አሁን ገና 45 ቀኑ ነው፣ እሱም ሐምሌን ይዞ።

ዛሬ ማታ ወለሉን ጠርገህ 50 በ50 ሴንቲ የሆነ ወፍራም፣ ከሥሩ የሚያሳይ ላስቲክ አንጥፍና አራቱንም ጎን በስኮች አሽገው። አንዱን መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ፣ አንዱን መሃል ሳሎን፣ አንዱን የውጭው ግድግዳ ጥግ። ነገ ማታ ግለጠው። እንደ አክምባሎ ካላበው፣ ወይም ሥሩ ከዙሪያው ከጠቆረ ውሃው ገና እየወጣ ነው። ደረቅ ብታገኘውም ቶሎ አትመን፤ ላስቲክ የጥልቁን አይናገርም። ሳታስነጥፍ በፊት እርጥበት መለኪያ ያለው ሰው አስመጣ። ስክሪዱ ላይ ታሽጎ የሚቀመጠው ሃይግሮሜትር ከ75 በመቶ በላይ ካነበበ እኔ አላነጥፍም።

ሌላው፣ ሀርድኮሩ (ከኮንክሪቱ ሥር የሚደለደለው ድንጋይ) ላይ ኮንክሪቱ ሳይሞላ በፊት ላስቲክ ተነጥፏል? ካልተነጠፈ ከአፈሩ የሚመጣው እርጥበት ስለማያቆም መጠበቅ ብቻ አያድንህም። ስክሪዱ ላይ እርጥበት የሚከለክል ሽፋን መቀባት ይኖርበታል።

ሰሚት ነዋሪ፦ የኛን ልንገርህ። እኛም በነሐሴ ነበር ያስነጠፍነው። ጥቅምት ላይ መጋጠሚያዎቹ እያበጡ ተነሱ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ሻጋታ ሸተተን። ስናነሳው ከሥር ያለው ስፖንጅ በጥቁር ነጠብጣብ ተሸፍኗል። አንጣፊው «ውሃ አፍስሳችሁበት ነው» አለን፤ ውሃ የሚባል ደርሶበት የማያውቀው መኝታ ቤት እንኳ አብጦ ነበር! ሁሉንም አውጥተን ጣልነው። ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል እንዳይታሰብ፣ አደራ። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል።

ባለቤቱ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስቲኮቹን ገለጥኳቸው። መታጠቢያው በኩል ጠብታውን በእጄ ጠረግኩት፤ ሳሎኑ መሃል ካሬው ጠቁሮ ታትሟል፤ ጥጉ ደረቅ ነው። ሀርድኮሩ ላይ ጥቁር ላስቲክ መነጠፉን ከስልኬ ፎቶ አረጋግጫለሁ። ኮንትራክተሩን ጠርቼ ቦታው ላይ አሳየሁት፣ ምንም አላለም። እስከ ጥቅምት እንዲቆይ ነግሬዋለሁ።

ወለል አንጣፊ፦ ላስቲኩ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር መስኮቶቹን ክፈት። እስከዚያው ወለሉን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳህ ሂድ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከሥሩ ስለለቀቀ ተፈልፍሎ ይሠራ። 2 ሜትር ቀጥ ያለ አልሙኒየም አጋድምበት፣ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካየህም ይስተካከል። ካርቶኖቹን ግን ዛሬውኑ ከዚያ ወለል አንሳና ደረቅ ክፍል ውስጥ ጣውላ ላይ አጋድማቸው። ከአሁኑ እርጥበቱን እየጠጡት ነው።