«ደም ቅዳ» ውስጥ ያለው «ቅዳ» ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ነርሲንግ ጀምራለች። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ አናቶሚ አስጠናታለሁ። ትናንት አርተሪ ላይ ስንደርስ «በአማርኛ ደም ቅዳ ነው» አልኳት። «ቅዳ ማለትስ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። ውሃ ከመቅዳት ነው ወይስ ቡና ከመቅዳት? በዚያው፣ የእጅ አንጓ አጥንቶችን ለማስታወስ የሚረዳ የአማርኛ ዘዴ ያላችሁ ወዲህ በሉ። በስሞቹ መነሻ ፊደላት የተሠራውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ትሸመድድና ራሱን ዓረፍተ ነገሩን ትረሳዋለች።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ለእኔ ቡና መቅዳት ነው። «ቀዳ» ሁለቱንም ይይዛል። ከምንጭ ወደ እንስራ ሲሆን መውሰድ ነው፤ ከጀበና ወደ ሲኒ ሲሆን መስጠት ነው። ልብን እንደ ጀበና እዩት። ከልብ ተቀድቶ የሚወጣበት ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስበት ደም መልስ። ስሙ አቅጣጫውን ይናገራል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ተማሪ «አርተሪ ኦክስጅን ያለበትን ደም ይወስዳል» ብሎ ይይዛል። ከዚያ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ ፈተና ላይ ሲመጣ ግራ ይገባዋል፤ እሱ የሚወስደው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነዋ! አማርኛው ግን አያሳስትም። ከልብ ከተቀዳ ደም ቅዳ ነው፣ በቃ። ከሳንባ ወደ ልብ የሚመጣውም ደሙ ቦግ ያለ ቀይ ቢሆንም ደም መልስ ነው።

ለእጅ አንጓ ስምንት አጥንቶች ደግሞ ተማሪ ሳለሁ የሠራሁትን እነሆ፤ የእያንዳንዱ ቃል መነሻ ድምፅ የአንዱን አጥንት ስም ያስታውሳል፦

«ሰሎሞን ሌሊት ተነስቶ ፒያሳ ተሰማን ትቶ ካዛንቺስ ሄደ።»

ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩዌትረም፣ ፒሲፎርም፣ ትራፒዚየም፣ ትራፒዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። ቆጠራው ከአውራ ጣት በኩል ይነሳል። ፒያሳ ስትደርስ ክንድ አጠገብ ያለው ረድፍ በትንሿ ጣት በኩል ያልቃል። ተሰማ ላይ ሁለተኛው ረድፍ እንደገና ከአውራ ጣት በኩል ይጀምራል።

ሁለቱን «ትራፒ» የማያቀያይር ተማሪ አላየሁም። እዚህ ላይ ፊደላችን ይረዳል። «ተሰማ» ውስጥ «ማ» አለ፤ ትራፒዚየም በ«ም» ያልቃል። «ትቶ» በ«ቶ» ያልቃል፤ ትራፒዞይድ ውስጥ «ዞ» አለ። ሁለቱም ሳብዕ ናቸው። በእንግሊዝኛው ግን ከመነሻዋ «ቲ» ሌላ የምትይዘው የለህም።

አሁን እህትህ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ትዘርጋ። በትንሿ ጣት በኩል፣ አንጓዋ የሚታጠፍበት መስመር ላይ ትጫን። ጠንከር ያለች ጉብታ ታገኛለች። አንጓዋን ትንሽ አጥፋ እጇን ዘና ስታደርገው ጉብታዋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ፒሲፎርም እሷ ናት። ስሟ በላቲን «አተር መሳይ» ማለት ነው። ሉኔት ከጨረቃ፣ ስካፎይድ ከግሪኩ ታንኳ የመጡ ናቸው። ሃሜት ደግሞ «መንጠቆ ያለው» ነው። ሐሜትም እንደ መንጠቆ ሰው ይይዛል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት።

ሌላ መልስ፦
እኔ ደግሞ ቆሽትን ልጨምር። «ቆሽቴ አረረ» የማይል የለም፤ የት እንዳለ ስትጠይቀው ግን ጨጓራውን ይነካልሃል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ ነው። ምግብ የሚያልም ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል፤ ኢንሱሊንም ይሠራል። በጠና ሲቆጣ ያ ፈሳሽ ራሱን ቆሽቱን መብላት ይጀምራል። አባባሉ ከዚህ መጣ እያልኩ አይደለም። ግን «አረረ» ያለ ሰው ይህን በሽታ አንዴ ከሰማ አይረሳውም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሁሉም የአማርኛ ቃል እንደ ደም ቅዳ ጥርት ያለ አይደለም። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው (ቴንደን) ጅማት ነው። ሰዉ ግን ነርቭንም ጅማት ይላል። «ሥር» ደግሞ አንዳንዴ ደም ሥር ነው፣ አንዳንዴ ነርቭ። «ሥሬን ያመኛል» ያለ ታካሚ የትኛውን እንደሆነ እጁን አስነክታችሁ ካልጠየቃችሁት አታውቁም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አተሯን አገኘቻት፤ አሁን የእናታችንን እጅ ይዛ እየፈለገች ነው። ሰሎሞንንም ሁለቴ ብላ ያዘችው። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውን ሊጋመንትንስ? እሱንም ጅማት ካልን ከቴንደን በምን እንለየው?