ሳልቡታሞል ወስዶ ትንፋሹ ለተረጋጋ ሕፃን አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል?

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚሉ ሕፃናት ይበዙብኛል። የ14 ወሩን ልጅ ልንገራችሁ፦ ጡት ይዞ ጸጥ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ብቆጥር ትንፋሹ 46 ነው፤ ደረቱ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። በዚህ ዕድሜ ከ40 ጀምሮ ፈጣን ስለሚባል የሳንባ ምች መሰለኝ። የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ከሰጠሁት በኋላ ግን ወደ 38 ወረደ። እንዲህ ላለው ልጅ አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ትሰጣላችሁ ወይስ ትተዋላችሁ? እኔ ባይሰጠው እመርጣለሁ፤ መድኃኒቱ ያለቦታው መባከኑ ያሳስበኛል። ነገር ግን ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ሌሊት ቢብስበት እናቱ የት ታደርሰዋለች? ደግሞም ስፔሰር፣ ማለትም የሚነፋውን ሳልቡታሞል ልጁ እንዲስበው በፊቱና በመንፊያው መካከል የሚገባው ዕቃ፣ የለንም። በእሱ ፋንታ የውኃ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ጠርዙ የልጁን ፊት ሳይጎዳ እንዴት እንደምትገጥሙት አደራ፣ በዝርዝር ጻፉልኝ።