የተዘጋ ኮሌጅ ተማሪ ማስረጃውን ከየት ያገኛል?

ጤና ይስጥልኝ። መንገዱን የምታውቁ ብትመሩኝ።

በ2008 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰድኩ በኋላ በአንድ የግል ኮሌጅ በሂሳብ ሥራ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ። የብቃት ምዘናውንም ስላለፍኩ የምስክር ወረቀቱ በእጄ ነው። አሁን አራት ኪሎ በአንድ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ስሆን፣ በማታው መርሐ ግብር ለዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ከፊቴ የሳይንስ ፋኩልቲው፣ ሽቅብ ሲሉ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ፤ ምንጭ ዳር ተቀምጦ መጠማት ማለት ይህ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ያመለከትኩበት ተቋም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ከኮሌጁ እንዲላክለት ይጠይቃል። ኮሌጁ ግን ተዘግቷል፤ ሕንፃው ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ ዘበኛውም ስሙን እንኳ አልሰማም። ስልካቸው አይሠራም። እኔ ጋር ያለውን የተማሪ ቅጂ ደግሞ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ገልጣ እንኳ ሳታየው መለሰችልኝ።

የተዘጋ ኮሌጅ የተማሪዎች መዝገብ የሚረከበው ማን ነው? የፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወይስ የከተማው መሥሪያ ቤት? የብቃት ማረጋገጫዬ በትራንስክሪፕቱ ምትክ ሊያገለግል ይችላል?

ወንድሜ «በደላላ ይገኛል» ይለኛል። ይቅርብኝ! «እንደገና ከደረጃ 1 ጀምሪ» የሚሉኝም አሉ። ጥናት አልፈራም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተናም አያስደነግጠኝም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሥራዬ በእግር የሚደረስ ነው።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ የትኛውን ቢሮ በምን ዓይነት ደብዳቤ እንደጠየቃችሁ ብትነግሩኝ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው።