የንግድ አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ከወዲሁ በምን ልበርታ?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ፈተናውን ስጨርስ በአብራሪነት ትምህርት ቤት መወዳደር እፈልጋለሁ። ሒሳብ ላይ ደህና ነኝ፤ ከክፍሉ አንደኞች ግን አይደለሁም። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፣ ስናገር ግን አፌ ይተሳሰራል። አንዳንዶች «የሒሳብ ሊቅ ካልሆንሽ አትሞክሪው» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ መነጽር ስለማደርግ ነገሩ ከወዲሁ ያለቀ ነው ብለዋል። እውነት ነው? እስከዚያው በምን ላይ ብበረታ ይሻላል?

መልስ፦ ረዳት አብራሪው

እኅቴ፣ ሊቅነት አይጠየቅም። ሰው እያናገረሽ፣ ሬዲዮውም እየተናገረ፣ ቀላል ስሌት በጭንቅላትሽ ቶሎ መሥራት ግን ግድ ነው። አንዱን ላሳይሽ። በ36,000 ጫማ ከፍታ ወደ ቦሌ እየመጣን ነው እንበል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ስለሆነ የምንወርደው 28,400 ጫማ ነው። ለእያንዳንዱ ሺህ ጫማ ሦስት ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ስለምንይዝ፣ 28.4ን በሦስት አባዢው፤ 85 ይመጣል። ስለዚህ 85 ኖቲካል ማይል ሲቀረን መውረድ እንጀምራለን፤ ፍጥነት ለመቀነሻ ጥቂት ማይሎች እንጨምርበታለን። ከመሬት አንጻር የምንጓዝበት ፍጥነት 420 ኖት (በሰዓት 420 ኖቲካል ማይል) ከሆነ ደግሞ በአምስት አባዢው፤ በደቂቃ 2,100 ጫማ ያህል መውረድ አለብን ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ያሰላል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያሰላው እኛ ባስገባንለት ቁጥር ነው፤ የገባው ቁጥር ስሕተት መሆኑን የሚነግርሽ በጭንቅላትሽ የያዝሽው ግምት ነው። ስለዚህ ካልኩሌተሩን አስቀምጪና ማባዛት፣ ማካፈል፣ መቶኛና የአንግል ስሌት ተለማመጂ።

መልስ፦ የቲዎሪ መምህር

ወንድሜ ስለ ሒሳቡ ያለው ልክ ነው፤ ፊዚክሱን ግን ዘለለው። የእኛ አገር አብራሪ ገና ከመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ስስ አየር ነው። በቦሌ ከፍታ ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የመለማመጃ አውሮፕላን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚሠሩት በዚያው በሳሳ አየር ነው። አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ይህን የጋዝ ሕግ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ እዚህ የሚጠበቅብሽ ከነዳጁና ከተሳፋሪው ክብደት ጋር አገናኝተሽ «ዛሬ እንነሣለን ወይስ ጭነት እንቀንስ?» የሚለውን መመለስ ነው።

የሚያናድደኝ ሽምደዳ ነው። ክንፍ እንዴት እንደሚያነሣ መጽሐፉን ቃል በቃል የሚያነበንብ ተማሪ አይጠፋም። ክንፉ ነፋሱን የሚቀበልበት አንግል ከልክ ሲያልፍ ማንሣት እንደሚያቅተው፣ ይህም ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራ ሊደርስ እንደሚችል ስጠይቀው ግን ግራ ይጋባል። መፍትሔው አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። መሬት ሲቀርብ ደግሞ እጅ መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይቀናዋል፤ ምክንያቱን ያልገባው ሰው በዚያች ሰከንድ የሸመደደው አያድነውም። ሜትሮሎጂ፣ ናቪጌሽን፣ የአየር ሕግ፣ የክብደትና የሚዛን ስሌት ሁሉም በትምህርት ቤቱ ይሰጣሉ፤ አሁን አትጨነቂባቸው።

መልስ፦ ከመቆጣጠሪያው ማማ

እኔ አብራሪ ሳልሆን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነኝ። እንደኔ እንደኔ፣ ከሒሳቡም ከፊዚክሱም ይልቅ ልታስቢበት የሚገባው ያ የሚተሳሰረው አፍሽ ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ በእንግሊዝኛ ደረጃ 4 ማግኘት ግዴታ ነው፤ መለኪያው እስከ 6 ይደርሳል። ደረጃ 4 ያለው በየሦስት ዓመቱ፣ 5 ያለው በየስድስት ዓመቱ እንደገና ቢፈተን ይመከራል።

የሬዲዮው ቋንቋ በራሱ አጭርና የተወሰነ ነው። «ወደ 12,000 ጫማ ውረድ» ስል አብራሪው ቁጥሩን መልሶ ይነግረኛል፤ 11,000 ብሎ ከመለሰ ወዲያው አርመዋለሁ። እንጦጦ ከ10,000 ጫማ በላይ በሆነበት አካባቢ የአንድ ሺህ ጫማ ስሕተት ቀልድ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከተለመደው ውጭ ሲሆን ነው፦ ተሳፋሪ ሲታመም፣ ከኩሽና ጭስ ሲወጣ። ያኔ በራስሽ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት አለብሽ። ስለዚህ ያየሽውን ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለሽ ተርኪ፤ የሕንዱንም፣ የቻይናውንም፣ የዐረቡንም አነጋገር አድምጪ። ያልሰማሽውን «ይድገሙልኝ» ማለትም ልመጂ፤ በእኛ ሥራ ይህ አያሳፍርም።

መልስ፦ የዓይን ሐኪም

አጎትሽ አይስጉ። ለንግድ አብራሪ የሚያስፈልገው አንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ መነጽር አይከለክልም። በዓለም አቀፉ መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን በመነጽርም ቢሆን 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ማየት አለባቸው፤ በበረራ ጊዜም ትርፍ መነጽር ከእጅ አይለይም። ይልቅ የቀለም መለየት ምርመራውን አስቀድሚ። በነጠብጣብ መካከል ቁጥር የተደበቀባቸው ሰሌዳዎች አሉ፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ልብ፣ ጆሮ፣ ደምና የነርቭ ጤንነትም ይታያሉ። ለትምህርት አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት ምርመራውን ጨርሺ።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻዋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሐኪሙን መልስ ለአጎቴ አነበብኩላቸው። አንድ ዘመዳችን አሜሪካ ሄጄ ብማር እንደሚፈጥን ነግሮኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቨርጂኒያ

ፈቃዱን ቶሎ ልታገኚ ትችያለሽ፤ ሥራውን ግን አይደለም። እዚህ የግል በረራ ፈቃድ በትንሹ 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ በተለመደው መንገድ የንግዱ 250 ሰዓት ነው። የመንገደኞች አየር መንገድ ላይ ለመቀመጥ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመደበኛው ሕግ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ላላቸውና ከወታደር ቤት ለመጡ ይቀነሳል። ብዙዎቻችን ያንን ሰዓት የምንሞላው ሌላውን እያስተማርን ነው፤ ለውጭ አገር ተማሪ ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የአሜሪካ ፈቃድ ይዘሽ አገር ቤት ብትመለሺም ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ማስቀየር ይኖርብሻል። ወጪው ከባድ ነው። አገር ውስጥ ዕድሉን ሳትሞክሪ አትምጪ።

መልስ፦ ረዳት አብራሪው

እስማማለሁ። አገር ውስጥ አየር መንገዱ ወጪውን ሸፍኖ የሚያሠለጥናቸውም፣ በራሳቸው የሚከፍሉም አሉ። በአየር መንገዱ ወጪ ከተማርሽ የአገልግሎት ግዴታ ስላለበት ውሉን ከወላጆችሽ ጋር ሆነሽ አንብቢ። የዕድሜ፣ የቁመትና የውጤት መስፈርቱን ከወጣው ማስታወቂያ ላይ ተመልከቺ እንጂ ከሰው ወሬ አትያዢ። በዓለም አቀፉ ደንብ የንግድ ፈቃድ ከ18 ዓመት በታች አይሰጥም። ከፈቃዱ በኋላም ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት በሲሙሌተር ለየብቻ ትሠለጥኛለሽ፤ ያኔ ከማሽኑ እኩል የሚለካው ካፒቴኑ ሲሳሳት በአክብሮት ግን በግልጽ መናገር መቻልሽ ነው። በእኛ አስተዳደግ ታላቅን ማረም ስለሚከብድ ብዙ ሠልጣኝ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሴት መሆንሽን የሚያነሣብሽ ካለ፣ አምሳለ ጓሉ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካፒቴን እንደሆኑ ንገሪው።